ሰልፉን ያነበበው ተማሪ፦ የተማሪን ችግር መፍታትና የተማሪን ትምህርት መሸጥ

(ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር ሙሉ ቃል)



የዛሬው ንግግሬ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው የራሳቸውንና የጓደኞቻቸውን የዕለት ተዕለት ችግር ለመፍታት ንግድ የሚጀምሩ ተማሪዎችን ይመለከታል። አዘጋጆቹ ርእሱን ሲሰጡኝ የሚያበረታታ ንግግር ጠብቀው እንደ ነበር እገምታለሁ። ማበረታታትን አልጠላም። ይሁን እንጂ የማበረታቻ ንግግር ሰምቶ ከአዳራሽ የሚወጣ ወጣት ልቡ ሞቅ ይልለታል እንጂ ምን መሥራት እንዳለበትና ከምን መቆጠብ እንዳለበት ለይቶ አያውቅም። ስለዚህ በአንድ ጥያቄ ላይ ብቻ ላተኩር እወዳለሁ። ከተማሪ ችግሮች መካከል በንግድ ሊፈታ የሚገባው የትኛው ነው? የማይገባውስ?

ጥያቄው የእኔ አይደለም። ከዓመታት በፊት አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ አንሥቶልኝ ነበር፤ እኔም አልመለስሁለትም።

ልጁ ያኔ ዐሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። ፈተና በተቃረበ ቁጥር ከግቢው በር አጠገብ ባለው ፎቶ ኮፒ ቤት የሚፈጠረውን ሰልፍ ያስተውላል። ተማሪው ሃንድአውት ለማስገልበጥ ሁለት ሰዓት ይቆማል፤ ተራው ሲደርስ ወይ መብራት ይሄዳል ወይ ወረቀት ያልቃል። ይህ ልጅ ማታ ማታ ደብተር ይዞ በየዶርሙ ይዞራል፤ ማን የትኛውን ሃንድአውት በስንት ቅጂ እንደሚፈልግ ይመዘግባል፤ ገንዘቡን ይሰበስባል። በማግስቱ ጠዋት ሰልፉ ሳይጀመር ፎቶ ኮፒ ቤት ይገባል። ብዙ ገጽ በአንድ ጊዜ ስለሚያስገለብጥ ባለቤቱ ዋጋ ይቀንስለታል። ከምሳ በፊት የእያንዳንዱን ተማሪ ወረቀት በር ላይ ያደርሳል። ትርፉ በገጽ ጥቂት ሳንቲም ነበር።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ጊዜ የማውቀው በክፍሌ የኋላ መደዳ ላይ የሚያንቀላፋ ተማሪ መሆኑን ብቻ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደብተሩን ይዞ ቢሮዬ መጣ። «ዶክተር፣ አንድ ነገር ላማክርዎት ብዬ ነው» አለኝና ሥራውን ባጭሩ አስረዳኝ። ከዚያም «አሁን ተማሪዎቹ ኮፒ ብቻ አይደለም የሚፈልጉት፤ የተሠራ አሳይመንት አምጣልን ይሉኛል። ያለፈው ዓመት ተማሪዎች የሠሩት በእጄ አለ። ለእሱ የሚሰጡኝ ለኮፒው ከሚሰጡኝ ዐሥር እጥፍ ነው። ልሽጥላቸው ወይስ ይቅርብኝ?» አለኝ።

እኔም «እዚህ የመጣኸው ልትማር ነው ወይስ ልትነግድ? ንግድ ካማረህ መርካቶ ሩቅ አይደለም» አልሁት። ልጁ ደብተሩን አነሣ፤ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ወጣ። ከዚያ በኋላ ምን እንደ ወሰነ አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልነገረኝም።

ባልደረቦቼ፣ ያ ልጅ ይዞት የመጣው የሥነ ምግባር ጥያቄ ነበር። ዐሥር እጥፍ ገንዘብ ፊቱ ላይ ተዘርግቶለት «ልክ ነው ወይ?» ብሎ መምህሩን ሊጠይቅ የመጣ ተማሪ በማስተማር ዘመኔ ብዙ አላጋጠመኝም። እኔ ግን ጥያቄውን ሳልሰማ ጠያቂውን ገሠጽሁት። ዛሬ የማቀርበው ያን ቀን ልሰጠው ይገባኝ የነበረውን መልስ ነው።

መልሱን ከሩቅ ልጀምር። የምጠቅሰው ጉዳይ ከመነሻው እስከ መድረሻው በአደባባይ የታወቀ ስለሆነ ለትምህርት ይመቻል።

ኒክ ዳሎይሲዮ እ.ኤ.አ. በ1995 የተወለደ፣ በለንደን ከተማ ዊምብልደን በተባለው ሰፈር ያደገ ልጅ ነው። በዐሥራ ሁለት ዓመቱ ገደማ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍን ራሱን በራሱ አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ2011፣ ገና የዐሥራ አምስት ዓመት ተማሪ ሳለ፣ ለታሪክ ፈተና ሲያጠና አንድ ነገር አስቸገረው። በኢንተርኔት ላይ አንድ ርእስ ሲፈልግ ብዙ ገጾች ይመጡለታል፤ ነገር ግን ለጥናቱ የሚጠቅመው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ እያንዳንዱን ከፍቶ ማንበብ ነበረበት። ከፍቶ ሲያነብ ብዙዎቹ የማይጠቅሙ ሆነው ያገኛቸዋል። ጊዜው የሚያልቀው በጥናቱ ላይ ሳይሆን የሚጠናውን በመፈለግ ላይ ሆነ።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ይሆን ዘንድ ረጅም ጽሑፍን በራሱ የሚያሳጥር የስልክ መተግበሪያ ሠራ፤ ስሙንም ትሪሚት አለው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ለሕዝብ አቀረበው። የሆንግ ኮንጉ ባለሀብት የሊ ካ-ሺንግ የኢንቨስትመንት ድርጅት፣ ሆራይዘንስ ቬንቸርስ፣ መተግበሪያውን አይቶ ሦስት መቶ ሺህ ዶላር አዋለበት። ልጁ ሥራውን ከሥሩ አሻሽሎ ሰምሊ በሚል አዲስ ስም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2012 አወጣው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2013 ያሁ የተባለው ታላቅ የአሜሪካ ኩባንያ ሰምሊን መግዛቱን አስታወቀ። ኩባንያው ዋጋውን በይፋ ባይገልጽም መገናኛ ብዙኃን ሠላሳ ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሆነ ዘገቡ። ሻጩ ያን ጊዜ የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበር።

ይህን ታሪክ የሰማ ወጣት ብዙውን ጊዜ የሚይዘው የመጨረሻውን ቁጥር ነው። እኔ ሦስት ሌሎች ነገሮችን እንድትይዙ እፈልጋለሁ።

የመጀመሪያው፣ ችግሩ የራሱ ጠረጴዛ ላይ የነበረ መሆኑ ነው። ልጁ «ዓለምን ምን ቸገራት?» ብሎ አልተነሣም። ያን ቀን ማታ እሱን ራሱን ምን እንደቸገረው አስተዋለ። ዐዋቂ ነጋዴ ስለ ተማሪ ችግር ለማወቅ መጠይቅ ይበትናል፤ ተማሪ ግን ችግሩን በየዕለቱ ይኖረዋል። ይህ በገንዘብ የማይገዛ ዕውቀት ነው፤ ዘመኑም አጭር ነው። ከተመረቃችሁ ከሁለት ዓመት በኋላ የዶርም ኑሮ ትዝታ ይሆንባችኋል፤ ዝርዝሩ ይጠፋችኋል።

ሁለተኛው፣ ከልጁ ጀርባ የነበረው ድጋፍ ነው። አባቱ የፋይናንስ ባለሙያ፣ እናቱ የሕግ ባለሙያ ነበሩ። ቤቱ ውስጥ ኮምፒውተርና የማያቋርጥ ኢንተርኔት ነበረው። ይህን የምናገረው ጥረቱን ለማሳነስ አይደለም፤ ተመሳሳይ ዕድል የነበራቸው ሌሎች ልጆች እሱ የሠራውን አልሠሩምና። ነገር ግን የታሪኩን ግማሽ ብቻ ሰምቶ «እኔ ያልቻልሁት ሰነፍ ስለሆንሁ ነው» ብሎ ራሱን የሚወቅስ ተማሪ እንዳይኖር እፈልጋለሁ። ፕሮግራም የሚጽፈው ልጅና ደብተር ይዞ በየዶርሙ የሚዞረው ልጅ ያላቸው አስተውሎት አንድ ዓይነት ነው። የተለያዩት በእጃቸው ባለው መሣሪያ ነው።

ሦስተኛው በቀጥታ ወደ ጥያቄያችን ይወስደናል። ልጁ ያቃለለው ነገር ምን ነበር? ፍለጋን ነው ወይስ ንባብን? «ይህ ጽሑፍ ለእኔ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም?» የሚለውን ለመወሰን አጭር ማጠቃለያ ቢረዳ መልካም ነው። ነገር ግን ተማሪው ማጠቃለያውን አንብቦ ጽሑፉን ቢተወው መሣሪያው ጊዜ አላተረፈለትም፤ ትምህርቱን ወሰደበት። አንዱ መሣሪያ ሁለቱንም ሊያደርግ ይችላል።

እንግዲህ የተማሪን ችግሮች በሦስት ከፍለን እንያቸው።

የመጀመሪያውን ዓይነት ከንቱ ድካም ልበለው። ሰልፍ፣ የጠፋ ሃንድአውት፣ የልብስ እጥበት፣ ለአንድ መጽሐፍ ከተማውን ማካለል፣ ለእረፍት ወደ አገር ቤት የሚሄድበትን የአውቶቡስ ትኬት ለመቁረጥ ሌሊት ተነሥቶ መሄድ። እነዚህን ነገሮች በመሸከሙ ተማሪው አንዳች ዕውቀት አያገኝም። ሁለት ሰዓት በፎቶ ኮፒ ሰልፍ ላይ የቆመ ልጅ ካልቆመው የተሻለ ኢኮኖሚስት ወይም የተሻለ ሐኪም አይሆንም። እንዲህ ያለውን ድካም ከተማሪ ትከሻ ላይ አንሥቶ ተመጣጣኝ ዋጋ መቀበል የተከበረ ንግድ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ፍሬ ያለው ድካም ነው። ረጅም ምዕራፍ ማንበብ፣ የማይገባ ቀመር ላይ ተቀምጦ ማምሸት፣ የመጀመሪያውን የጥናት ጽሑፍ እየሰረዙ እየደለዙ መጻፍ። ይህም ለተማሪው «ችግር» ነው፤ ከሰልፉም ይልቅ ያስጨንቀዋል። ለዚህም ነው ገዢው ዐሥር እጥፍ ለመክፈል የሚዘጋጀው። ነገር ግን ተማሪው ወደ ዩኒቨርሲቲ የመጣው ይህንኑ ድካም ሊደክም ነው። ስፖርተኛ ክብደት ማንሣት ከበደኝ ብሎ ሌላ ሰው ቀጥሮ ቢያስነሣ ጡንቻ የሚያወጣው ማን ነው?

በየዩኒቨርሲቲው ዙሪያ የመመረቂያ ጽሑፍ በክፍያ የሚሠሩ ሰዎች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። ይህ ገበያ ፈላጊ አላጣም፤ አንዳንዶቹም ሥራ ፈጣሪ ይባላሉ። የሚሸጡት ግን የገዢውን የወደፊት ችሎታ ነው። ገዢው ገንዘብ ከፍሎ ራሱን ባዶ ያደርጋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ላይ በስፋት ተግባራዊ የሆነው አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ይህን ባዶነት ከሚገልጡት አንዱ ነው። ከፈተናው ቢያመልጥ እንኳ የመጀመሪያው መሥሪያ ቤት ይጠብቀዋል።

የሥነ ምግባሩን ነገር ለጊዜው ወደ ጎን ብንተወው እንኳ ይህ ንግድ መሠረት የለውም። ቼግ የተባለውን የአሜሪካ ኩባንያ ልጥቀስ። ኩባንያው በሰፊው የታወቀው ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመማሪያ መጻሕፍትን በማከራየት ነበር። በአሜሪካ የመማሪያ መጽሐፍ ዋጋ እጅግ ውድ በመሆኑ ኪራዩ ከንቱ ወጪን የሚያቃልል ጥሩ አገልግሎት ነበር። በኋላ ግን የገቢው ዋና ምንጭ በወርሃዊ ክፍያ የጥናት እገዛ መስጠት፣ በተለይም የቤት ሥራ ጥያቄዎችን መልስ ማቅረብ ሆነ። ከዚያም ቻትጂፒቲ መጣ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ይህ አዲስ መሣሪያ ደንበኞቻቸውን እየወሰደባቸው መሆኑን በይፋ ሲናገሩ የአክሲዮኑ ዋጋ በአንድ ቀን ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ። መልስ የሚሸጥ ሰው ነገ ርካሽ መልስ የሚሸጥ ይመጣበታል፤ ከነገ ወዲያ በነጻ የሚሰጥ ይመጣበታል። መልሱን ራሱ የማግኘት ችሎታን ያስተማረ ግን ደንበኛው ባይመለስ እንኳ ምስጋናው ይቀራል።

ሦስተኛው ዓይነት የተቋም ዕዳ ነው። የዶርም ቧንቧ ደርቆ ተማሪ ውሃ ሲያጣ፣ የቤተ መጻሕፍት ወንበር ሲያንስ፣ ኢንተርኔት ለሳምንት ሲጠፋ ችግሩ የተማሪው ቢሆንም ዕዳው የተቋሙ ነው። አንድ ተማሪ በጀሪካን ውሃ አምጥቶ ለዶርም ጓደኞቹ ቢሸጥ አልነቅፈውም፤ የተጠማ ሰው ስብሰባ አይጠብቅም። ሆኖም ሁለት ነገሮችን ሊያውቅ ይገባል። ንግዱ ቧንቧው በተጠገነ ዕለት ይሞታል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ንግዱ ሲደረጅ ቧንቧው እንዳይጠገን የሚመኝ ልብ ሊያበጅ ይችላል። እኛ የተቋሙ ሰዎች ደግሞ ሻጩን በጥበቃ ማባረር መፍትሔ አድርገን እንወስደዋለን። ሻጩ ግን ያልጻፍነውን ሪፖርት እየጻፈልን ነው። በግቢያችን ውስጥ ምን እየተሸጠ እንደሆነ የሚያይ አስተዳዳሪ ምን እንደጎደለ ያውቃል።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ዕዳ መናገር አለብኝ። ያ ልጅ ቢሮዬን ለቅቆ በወጣ በዓመቱ፣ በፈተና ሰሞን አንድ ማታ ከግቢ ስወጣ ያንን የፎቶ ኮፒ ሰልፍ አየሁ። ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ እዚያ ቆመዋል። አንዷ የያዘችውን ወረቀት አየሁት፤ የእኔ ሃንድአውት ነበር። ለክፍሉ ተጠሪ አንድ ቅጂ የሰጠሁት ፈተናው አራት ቀን ሲቀረው ነው። በሴሚስተሩ መጀመሪያ ብሰጣቸው ኖሮ ሰልፉ ቢያንስ በግማሽ ይቀንስ ነበር። «መርካቶ ሂድ» ያልሁት ልጅ ሲያቃልል የነበረው እኔ የፈጠርሁትን ችግር ነበር።

እንግዲህ ሦስቱን ለመለየት የምትጠይቁት ጥያቄ ቀላል ነው። ደንበኛዬ በአገልግሎቴ ከተጠቀመ በኋላ ለትምህርቱ የሚሆን ጊዜና ጉልበት አተረፈ ወይስ ትምህርቱ ራሱ ቀረበት? የመጀመሪያው ከሆነ ቀጥሉ። ሁለተኛው ከሆነ ዋጋው የቱንም ያህል ቢያጓጓ ተዉት። ችግሩ የተቋም ዕዳ ከሆነ ደግሞ እየሠራችሁም ቢሆን ዕዳውን ለባለዕዳው ንገሩት።

ስለ ዳሎይሲዮ የጀመርሁትን ልጨርስ። ሰምሊ ከተሸጠ በኋላ ልጁ በያሁ የለንደን ቢሮ ሠራ። የእሱ ሥራ መሠረት የሆነበትና ዜናን በቀን ሁለት ጊዜ አሳጥሮ ያቀርብ የነበረው የያሁ መተግበሪያ እ.ኤ.አ. በ2014 ወጣ። ከዚያም ያ ባለጸጋ ወጣት ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኮምፒውተር ሳይንስና ፍልስፍና ተማረ። ጽሑፍን የሚያሳጥር መሣሪያ የሠራው ልጅ በራሱ ምርጫ ማሳጠር የማይቻልበትን ትምህርት መረጠ። የፍልስፍና መጽሐፍ ማጠቃለያውን ያነበበ ሰው ፈላስፋው ምን እንዳለ ያውቃል፤ ለምን እንዳለው ግን አያውቅም። ልጁ ሊገላገለው የሚፈልገውን ድካምና ሊደክመው የሚፈልገውን ድካም የለየ ይመስለኛል።

በዚህ ረገድ ሌላም ታሪክ በተደጋጋሚ ይነገራችኋል። ማይክል ዴል እ.ኤ.አ. በ1984 በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለ፣ በአንድ ሺህ ዶላር መነሻ፣ ዶርሙ ውስጥ ኮምፒውተር እያሻሻለ መሸጥ ጀመረ፤ ወላጆቹ ሐኪም እንዲሆን የተመኙለት ልጅ ትምህርቱን አቋርጦ በስሙ የሚጠራውን ታላቅ ኩባንያ አቋቋመ። እውነት ነው። ነገር ግን ትምህርታቸውን አቋርጠው ንግዳቸውም የከሰረባቸው ወጣቶች በየአዳራሹ አይተረክላቸውም። የተሳካለትን አንዱን ብቻ ቆጥሮ መንገድ መምረጥ የሎተሪ ዕድለኛን አይቶ ደመወዝን እንደ መተው ነው። ዴል እንኳ ትምህርቱን ያቋረጠው ደንበኞቹ ከበዙ በኋላ ነበር።

አሁን ወደ ተግባሩ ልግባ፤ የሥነ ምግባር ጥያቄው ቢመለስም ሒሳቡ ካልሠራ ንግዱ አይቆምም።

የዚያን ልጅ ሥራ በምሳሌ እናስላው፤ ቁጥሮቹ ለማስረጃ ያህል የወሰድኋቸው ናቸው። አርባ ደንበኞች እያንዳንዳቸው 30 ገጽ ያዝዛሉ እንበል፤ 1,200 ገጽ ይሆናል። ፎቶ ኮፒ ቤቱ በገጽ 2 ብር ከ50 ያስከፍለዋል፤ እሱ 3 ብር ይቀበላል። ወጪው 3,000 ብር፣ ገቢው 3,600 ብር፣ ትርፉ 600 ብር ነው። ስድስት ሰዓት ከፈጀበት በሰዓት 100 ብር አገኘ ማለት ነው። አሁን ከአርባዎቹ ሦስቱ «በኋላ እሰጥሃለሁ» ብለው ሳይከፍሉ ቀሩ እንበል። እያንዳንዳቸው 90 ብር፣ በድምሩ 270 ብር ቀረ፤ ትርፉ ከ600 ወደ 330 ብር ወረደ። ከደንበኞቹ ዐሥራ ሦስተኛውን ያህል እንኳ የማይሞሉ ሰዎች ከትርፉ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረውን ወሰዱ። ጓደኛን ዱቤ መከልከል ያሳፍራል። ያ ልጅ ገንዘቡን አስቀድሞ ይሰበስብ የነበረው ይህን ሒሳብ ማንም ሳያስተምረው ገብቶት ነው።

የተማሪ ንግድ ሌሎችም የራሱ ጠባዮች አሉት። ወቅት አለው፤ በፈተና ሰሞን ያብጣል፣ ክረምት ሲገባ ይደርቃል። ስለዚህ የሰኔን ገቢ የዓመት ገቢ አድርጎ የሚቆጥር በመስከረም ባዶ ኪስ ይጠብቀዋል። ደንበኛው በየዓመቱ ይመረቃል፤ አዲሱ ገቢ ተማሪ ደግሞ አያውቃችሁም፤ እምነትን በየዓመቱ እንደገና መትከል ያስፈልጋል። ወሬ በአንድ ቀን ዶርሙን ያዳርሳል፤ አንድ የጠፋ ሃንድአውት የአርባ ሰው ወሬ ነው። ቴክኖሎጂም ይቀድማችኋል፤ ዛሬ ሃንድአውት በቴሌግራም ስለሚላክ የዚያ ልጅ ሥራ አብዛኛው በጠፋ ነበር። የማይጠፋው ሰልፉን ማስተዋሉ፣ መመዝገቡና ቃሉን መጠበቁ ነው።

መነሻ ገንዘብን በተመለከተ፣ ብድር ከመፈለጋችሁ በፊት አገራችን ያስተማረችንን ዕቁብ አስቡ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ እንደ ቴሌብር ያሉ የስልክ ክፍያዎች መስፋፋታቸው ለተማሪ ነጋዴ ትልቅ ጥቅም አለው። ማን መቼ ስንት እንደከፈለ መዝገብ ይቀራል። ምክሬ ግን አንድ ነው፤ የንግዱን ገንዘብና የኪሳችሁን ገንዘብ በአንድ ቋት አታስቀምጡ። ትርፍ ያለ የሚመስላቸው ብዙዎቹ እየበሉ ያሉት መነሻቸውን ነው።

ሕጉንም ማወቅ ይገባል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕጋችን፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ 18 ዓመት ያልሞላውን ሰው አካለ መጠን ያላደረሰ ይለዋል፤ በሕግ ጉዳዮች የሚወክለው ሞግዚት ነው። ስለዚህ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ውል ሲዋዋል ወላጁ ወይም ሞግዚቱ ከጎኑ ሊሆን ይገባል። 18 ዓመት ለሞላችሁ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ቀድሞ ያልነበረ በር ከፍቷል፤ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ይችላል። ሥራው ከዶርም አልፎ ቋሚ ንግድ ሲሆን ፈቃድና ግብር ይከተሉታል። «ተማሪ ነኝ» ማለት ከሕግ አያስጥልም።

ወደ ባልደረቦቼ ልመለስ። እኛ ያደግንበት ልማድ ተማሪና ነጋዴን በአንድ ሰው ላይ ማየት አይወድም። ንግድንም የእጅ ሥራንም ዝቅ አድርጎ የሚያይ ማኅበረሰብ ውስጥ ነው ፊደል የቆጠርነው። ሆኖም የቆየውን የአብነት ትምህርት ቤት ሕይወት ያየ ሰው፣ የቆሎ ተማሪ ቁራሽ ለምኖ ብቻ እንዳልተማረ ያውቃል፤ እጁ የሠለጠነው መጽሐፍ እየገለበጠ፣ እየሰፋ ራሱን ይደግፍ ነበር። እየሠሩ መማር ለእኛ ባዕድ አይደለም። ያን ልጅ ስገሥጽ ትውፊትን የጠበቅሁ መስሎኝ ነበር፤ ትውፊቱን ግን በቅጡ አላወቅሁትም ኖሯል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ተማሪ ስለ ንግዱ ሊያማክረን ሲመጣ እስኪጨርስ እንስማው። በክፍል ማንቀላፋቱን በዚያው አጋጣሚ ልንነግረው እንችላለን። ሁለተኛ፣ ግቢው የተማሪ አነስተኛ አገልግሎቶች በግልጽ የሚሠሩበት ቦታና ሰዓት ይስጥ፤ አሳይመንት ሸጩና ኮፒ አድራሹ በአንድነት ተደብቀው እንዲሠሩ ስናደርግ ልዩነታቸውን እናጠፋዋለን። ሦስተኛ፣ የሒሳብ አያያዝና የገበያ ጥናት ስናስተምር ከሩቅ ኩባንያዎች ምሳሌ ጋር የአንድ ተማሪን እውነተኛ ደብተር፣ በፈቃዱ፣ ክፍል ውስጥ እንግለጠው።

ውድ ተማሪዎች፣ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ሰልፍ ታያላችሁ፤ በካፌ በር፣ በሬጅስትራር መስኮት። በመበሳጨት ፈንታ ለአንድ ሳምንት ብቻ መዝግቡት። ስንት ሰው ነው? ስንት ደቂቃ ይቆማል? ቆሞ ምን ይማራል? የመጨረሻው ጥያቄ መልስ «ምንም» ከሆነ የሥራ መነሻ በእጃችሁ አለ።

ያ ተማሪ ዛሬ በዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም። ይህ ጽሑፍ በፋኩልቲው ድረ ገጽ ላይ ስለሚወጣ ምናልባት አንድ ቀን ያገኘው ይሆናል። ለጥያቄህ መልሱ ይህ ነው፤ ኮፒውን ቀጥል፤ አሳይመንቱን አትሽጥ፤ በእኔ ክፍል ግን አትተኛ። የዘገየሁበትን ይቅርታ እጠይቃለሁ።